ካንሰሩ ወደ ብብት ሄዷል ወይ? ምስል ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የምሰራው አልትራሳውንድ ክፍል ነው፣ ጡት ካንሰር ተገኝቶባት ብብቷን ለመታየት ምትመጣ ሴት ማላይበት ሳምንት የለም፣ ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ወደ ንፍፊቱ ሄዷል ወይስ አልሄደም?» ማሽኑ አዎ ወይ አይ ብሎ ሚመልስ ይመስላቸዋል፣ አንዳንዴ ላኪው ሀኪምም ጭምር።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ካንሰሩንም እጢ እንላለን፣ ተፈጥሮ ብብት ስር ያስቀመጠውን ሊምፍ ኖድንም (ንፍፊቱን፣ ባጭሩ ኖድ) እጢ እንላለን፣ ከዛ ሪፖርቱ ላይ «ብብት ላይ ሊምፍ ኖድ ይታያል» ሚል ሲያነቡ ቤተሰቡ በሙሉ ለቅሶ ይቀመጣል። ኧረ ሁላችንም አለን! አንድ ብብት ውስጥ 20 ምናምን አሉ። ዋናው መልኩ ነው።

መልኩ ስል መጠኑን አይደለም። «2 ሴንቲ ነው አሉኝ፣ ትልቅ ነው?» ይሉኛል። ትልቅ ሆኖ ጤነኛ አለ፣ ትንሽ ሆኖ ካንሰር የገባበት አለ። ጤነኛው ኖድ ቦሎቄ ነው ሚመስለው፣ መሀሉ ላይ ያለው ስብ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ቀጭን ልባስ አለው። ካንሰር ሲገባ መጀመሪያ ሚያርፈው ልባሱ ላይ ስለሆነ እሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ወይ ባንድ ጎኑ ብቻ ሲያብጥ እንጠረጥራለን፣ እየባሰ ሲሄድ ስቡ ይጠፋና ቦሎቄው ክብ ጥቁር ኳስ ይሆናል። ሪፖርቱ ርዝመት ብቻ ጽፎ ስለ ልባሱና ስለ ስቡ ዝም ካለ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ከሁሉም ሚያናድደኝ ግን ምስሉ ስላስጠረጠረ ብቻ፣ ያለ መርፌ ናሙና፣ «ተሰራጭቷል» ብሎ መደምደም ነው። በተለይ እኛ ሀገር። ኢትዮጵያ ውስጥ የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው፣ ቲቢ የገባበት ኖድ ደግሞ ክብ ይሆናል፣ ስቡ ይጠፋል፣ አንዱ ካንዱ ይጣበቃል፣ ቁርጥ ካንሰር። (ድሮ ሁለቱንም ነቀርሳ ማለታቸው ለካ ያለ ነገር አይደለም።) ኤችአይቪም ያሳብጣል፣ ክንድ ላይ ያለ ቁስልም፣ ክትባትም፤ እ.ኤ.አ. 2021 ላይ የኮቪድ ክትባት ሲዳረስ በተከተቡበት ጎን ያበጠ ንፍፊት ስንቱን ራዲዮሎጂስት ግራ እንዳጋባ! ስለዚህ መቼና በየትኛው ክንድ እንደተከተባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ውጭ ያሉ ዘመዶች ደግሞ «ፔት ስካን ትነሳና ይለይላት» ይላሉ። ፔት ሚያሳየው ስኳር ሚበላን ቦታ ነው፣ ጨረር የተያያዘበት ስኳር ይወጋና ብዙ ሚወስደው ቦታ ያበራል፣ ቲቢም ስኳር ስለሚወስድ እሱም ያበራል። አንዲት እናት ወደ ብብቷ ተሰራጭቷል ተብላ እኛ ጋ መጣች፣ በአልትራሳውንድ እያየን በመርፌ ናሙና ወሰድንላት፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ ቲቢ! ጡቷ ላይ ካንሰር፣ ብብቷ ላይ ቲቢ። የካንሰሩ ደረጃም ህክምናውም ተቀየረ።

ተቃራኒውም አለ፣ «ብብቷ ንጹህ ነው» ሲባል አልሄደም ብሎ መተኛት። ኖድ ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ የካንሰር ክምችት በአልትራሳውንድም በኤምአርአይም በፔትም አይታይም ማለት ይቻላል። ሳውንድ (SOUND) ሚባለው፣ ብዙው ጣሊያን ውስጥ የተሰራውና እ.ኤ.አ. 2023 የወጣው ጥናት ላይ በአልትራሳውንድ ብብታቸው ንጹህ ከተባሉት ውስጥ ሴንቲኔል ኖዳቸው ወጥቶ የታየላቸው 13.7 በመቶዎቹ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ሴንቲኔል ማለት ካንሰሩ ከጡት ሲወጣ መጀመሪያ ሚያገኘው ኖድ ነው፣ የበር ዘበኛ በሉት። ሚገርመው፣ 5 ዓመት ቆይቶ ሲታይ ኖዱ የወጣላቸውም ያልወጣላቸውም በሽታው ወደ ሌላ አካል መሄዱ ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። ይሄን ሰምቶ «እንግዲያ ለኔም ይቅርብኝ» ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፣ ጥናቱ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ካንሰር ላላቸው ነው፣ እኛ ጋ ሚመጡት ብዙዎቹ ያንን አልፈው ነው።

ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስቻለሁ ይበቃኛል ሚሉም አሉ። ማሞግራም ብብትን ሙሉ አያሳይም፣ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፣ ብብቱ ካስጠረጠረ ደግሞ ከአንገት አጥንት በላይ ያለውም ይታይ።

የመጨረሻው በኛ በባለሙያዎቹ ሚሰራ ስህተት ነው፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከቀዶ ጥገናው ሚቀድም ከሆነ በመርፌ ካንሰር የተገኘበትን ኖድ ምልክት ሳያደርጉ መጀመር። ኬሞው ሲሰራ ኖዱ ይሟሽሽና ተመልሶ ቦሎቄ ይሆናል፣ ቀዶ ጥገናው ቀን የቱ እንደነበር ሚያውቅ ሰው አይኖርም። ክሊፕ ሚባል ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብረት በመርፌ እዛው ኖዱ ውስጥ ይቀመጣል። ክሊፕ ከሌለ ደግሞ ቢያንስ የቱ ጋ እንደነበረና ስንት እንደነበሩ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፣ እናንተም የድሮውን ፊልምና ሲዲ አትጣሉ፣ ከኬሞ በኋላ ስትመጡ መጀመሪያ ምጠይቃችሁ እሱን ነው።