ሰሜን ተራሮችን በእግር፦ መቼ ይሻላል?

ከደባርቅ ተነስታችሁ በሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ማረፊያዎች አድርጋችሁ ራስ ዳሸን ለመውጣት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የምትወስኑት ወሩን ነው። ጫማው ይደርሳል።

የኔ ምርጫ ጥቅምት ነው፣ ያለ ክርክር። ዝናቡ ቆሟል፣ ሳሩ ገና አልደረቀም፣ ሰማዩም ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። በሳንቃበርና በግጭ መካከል ያለው የጅንባር ፏፏቴ ውሃው ሳይቀንስበት የምታገኙት ያኔ ነው፤ በየካቲት ብትሄዱ ግን ገደሉን እንጂ ፏፏቴውን አታዩም ብል ማጋነን አይሆንም። ህዳርም ጥሩ ነው።

ታህሳስና ጥር ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን ጉድ ነው። ግጭ ከባህር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ታገኛላችሁ፣ የውሃ ኮዳችሁንም ብርድ ልብስ ውስጥ ካልከተታችሁ በረዶ ሊሆን ይችላል። ጥር 11 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ጎንደር በጥምቀት እንግዳ ትጨናነቃለች፤ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ይበዛል። ጭላዳ ለማየት ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ እሱ ሁሌም አለ።

ሐምሌና ነሐሴን እርሱት። መንገዱ ጭቃ፣ ገደሉ ጉም ነው፤ ከቧሂት ተራራ ወርዳችሁ የምትሻገሩት የመሸሃ ወንዝም ይሞላል።

ወሩ ከተመረጠ በኋላ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ።