የሸዋን የድሮ ወደብ ለማየት፦ አንኮበርንና ዓልዩ አምባን በሦስት ቀን ሳይጣደፉ እንዴት እንደሚጎበኙ

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። ወደብ ግን ነበረው። በዛሬዋ ጅቡቲ ካለው የታጁራ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ጉዞውን የሚጨርሰው ከአንኮበር ሥር፣ ዓልዩ አምባ ላይ ነበር። አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ በባርነት የተያዙ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ተነድተዋል። ግመል የአንኮበርን ዳገት አይደፍርም። ወደ ላይ የሚወጣው ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ነበር።

ዛሬ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ ደብረ ብርሃንን አልፎ ይበራል። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ጥቂት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት በነሐሴ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ነበር። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ከእግሬ በታች ምን እንዳለ ሳላይ ተመለስኩ። ስለዚህ የምመክራችሁ ሦስት ቀን ነው።

ቀን ስትመርጡ

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ገብሱም አረንጓዴ ከመሆን ወደ ወርቃማነት ይዞራል። ታኅሣሥም ይሆናል፣ ውርጩን ከቻላችሁት።

የድሮ ተጓዦች የዓልዩ አምባ ገበያ ዓርብ እንደሚውል ጽፈዋል። እኔም ጉዞውን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ አድርጌ ነው የማቀርብላችሁ። ገበያ ማየት ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ግን ሐሙስ አንኮበር ስትደርሱ የገበያውን ቀን አጣሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ባለፉት ዓመታት የሰሜን ሸዋ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ።

ሻንጣ

ትንሽ ይሁን። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ለላይኛው አገር፣ ቀለል ያለ ሸሚዝ ለታችኛው። የሚይዝ ጫማ። ጥሬ ገንዘብ፣ በዝርዝር።

ሐሙስ፦ በደብረ ብርሃን በኩል

ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወይም ትንሽ አልፎ ትገባላችሁ። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟም በዘመናቸው በሰማይ ከታየው ብርሃን ጋር ይያያዛል። ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ከመኪና ስትወርዱ ይቀበላችኋል።

ምሳ እዚሁ ብሉ። የበግ ጥብስ እዘዙ፤ ነገ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። ለመንገድ የገብስ ቆሎ ግዙ። ከዚያ የአንኮበር ሚኒባስ ፈልጉ። የቀረው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መኪናው እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። አትናደዱ። አጠገባችሁ የተቀመጡት እናት ወይም ጋሼ ከየት እንደመጣችሁ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ስለ አንኮበር ብዙ የሰማሁት ከእንዲህ ዓይነት ወሬ ነው።

አንኮበር ስትደርሱ ማደሪያ ያዙና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ውጡ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ቀስ በሉ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙት አንኮበርን ማዕከል አድርገው ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነስቶ እዚህ ድረስ መጥቶ ውል ተፈራርሟል። ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው የሸዋ ንጉሥ ሲሆኑ መቀመጫቸው አንኮበር ነበር፤ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ የተሻገሩት በኋላ ነው። አሁን ኮረብታው ላይ ሎጅ ተሠርቷል። ከድሮው የቀረው የግንብ ቅጥር ቁራጭ ነው። እጃችሁን አስነኩት።

ከዚያ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ። ተራራው በአንዴ ይቆረጣል። ከሥር ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደረበ ይወርድና መጨረሻው የአፋር ሜዳ ይሆናል። ነጋዴው የሚመጣው ከዚያ ነበር። ንጉሡ ከተማቸውን ለምን እዚህ እንዳደረጉ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው፤ ማንም ሳይታይ መቅረብ አይችልም። እኔ እዚያ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። እናንተም ተቀመጡ።

ዓርብ፦ ቁልቁል

በጠዋት ተነሱ። የወፍ ወዳጅ ከሆናችሁ ገደሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆዩ። የአንኮበር ሰሪን የምትባል ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ትንሽ ወፍ አለች። በዓለም ላይ ያለችው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሳይንስ ስም የሰጣት ገና በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም ይህን ገደል ይወዳል።

ወደ ዓልዩ አምባ መኪና አለ። አቅሙ ያለው ግን ቢያንስ ከፊሉን በእግሩ ይውረድ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይዛችሁ፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ። ምርኩዝ ያዙ፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል። የዚህ ጉዞ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው። ጋቢ ለብሳችሁ ትነሳላችሁ። ከግማሽ በኋላ ጋቢው ትከሻችሁ ላይ ይከብዳል፣ ከዚያም ይወልቃል። ገብሱ ይቀርና ጤፍና ማሽላ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምታችሁ ተነስታችሁ አዛን እየሰማችሁ ትደርሳላችሁ።

ዓልዩ አምባ ትንሽ ናት። ትልቅ ሐውልት የላትም። ገበያው መሃል ቁሙና ማን ምን ይዞ እንደመጣ ተመልከቱ፤ ደጋው ጥራጥሬውን ያወርዳል፣ ቆላው የራሱን ያወጣል። በዙሪያዋ አማራም አርጎባም ይኖራል፤ አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፣ አስፈቅዱ። ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጥላ ፈልጋችሁ ሻይ ጠጡ።

መመለሻውን በመኪና አድርጉት። ዳገቱን በእግር ልውጣ አትበሉ። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ገና ስትደርሱ ጠይቁ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ አንኮበር ላይ ሁኑ። ማታ ሽሮ ይበቃል።

ቅዳሜ

አርፍዳችሁ ተነሱ። መድኃኔዓለምን ተሳለሙ። ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይሂድ፤ ጽዱና ዝግባው ያረጀ፣ የሚያምር ነው። የሌለው በረፋድ ሚኒባስ ይመለስ። ደብረ ብርሃን ላይ በበግ ፀጉር የተሠራ ባና ፈልጉ። ስትገዙ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ ድርና ማጉን እዩ፣ በእጃችሁም ጨብጡት። ጥሩው ይከብዳል፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል።