የቤተሰብን ሕመም በዘር ሐረግ ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ እህቴ ሉፐስ እንዳለባት ሲነገረን ሐኪሟ አንድ ነገር ጠየቀን። «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?» እናቴ ቀበል አድርጋ «የለም፣ ዘራችን ንጹሕ ነው» አለች። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

የአባቴ ዘመዶች ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው የሚኖሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ እየሄድኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙ ተሳስቻለሁ። እናንተ እንዳትሳሳቱ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩን እናውቀው። ኦቶኢሚዩን የሚባሉት ሕመሞች የሰውነት መከላከያ ጠላት መስሎት የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው። ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዓይነት 1 ስኳር፣ አንዳንድ የታይሮይድ (አንገት ውስጥ ያለ ዕጢ) ሕመሞች፣ ለምጥም ጭምር ከዚህ ወገን ናቸው።

የበሽታውን ስም መጠየቅ

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። «ሉፐስ የነበረበት ሰው ታውቃላችሁ?» እያልኩ ስዞር ሁሉም «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ነው የሚሉኝ። እንዴት ይወቁት? እኛ ሕመምን የምንጠራው በሌላ ስም ነው። ብርድ፣ ምች፣ ቁርጥማት፣ ማድያት፣ ሾተላይ እንላለን።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቡና እየቆላች ስለ አያቴ አነሳችልኝ።

«እናቴማ ብርድ ነበረባት» አለች።

«ብርዱ ምን ያደርጋት ነበር እትዬ?»

«ጠዋት ጠዋት እጇ አይታጠፍም፣ ልጄ። ሁለቱም። ሊጡን የማቦካላት እኔ ነበርኩ። እንስራ የምታነሳው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው።»

«ያኔ አርጅታ ነበር?»

«ኧረ! ገና ትንሿን እህቴን ታጠባ ነበር።»

ብዕሬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ገና ወጣት እናት ናት፣ ሁለቱም እጆቿ ጠዋት ይደርቃሉ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ይህ የሩማቶይድ አርትራይተስ ዓይነተኛ ምልክት ነው። በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቶሎ ይለቃል። አያቴ ምን እንደነበረባት አሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። ግን «የለም» ከሚለው መልስ ይሄ ስንት እጥፍ ይሻላል።

ምችም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ በነካት ቁጥር ፊቷ የሚቆጣ፣ ዳማከሴ እየታሸች የኖረች ዘመድ ካለች ሽፍታው የት የት እንደሚወጣ ጠይቁ። የሉፐስ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጉንጮችና የአፍንጫን አናት ይይዛል። በጠይም ፊት ላይ ደግሞ ቀይ ላይሆን ይችላል። ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ማድያት ነው ተብሎ ይታለፋል። «ሾተላይ ነበረባት» ከተባለም ስንት ፅንስ፣ በስንተኛ ወር እንደወረደ ጻፉ። የደም ዓይነት አለመጣጣም ሊሆን ይችላል። ከሉፐስ ጋር የሚመጣ ደም የማርጋት ችግርም ፅንስ ያስወርዳል። እሱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ መጻፍ ነው።

በአባት በኩል ብቻ መቁጠር

አባቴ ሰባት ቤት በቃሉ ይወርዳል። የእናቱን እናት ስም ስጠይቀው ግን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ስማችን ራሱ የሚሄደው በአባትና በአያት ነው፤ የሴቶቹ ወገን በሁለት ትውልድ ውስጥ ከወረቀት ይጠፋል። ዘረ መላችን ግን ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው። በዚያ ላይ ሉፐስ ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹን ዘለን ከቆጠርን ፍለጋው ከንቱ ነው።

ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሦስት ትውልድ በሁለቱም ወገን ይበቃል። ወላጅ፣ ወንድምና እህት ግማሽ ያህል ዘረ መል ይጋሩናል፤ አክስትና አጎት ሩብ፣ የአክስትና የአጎት ልጅ አንድ ስምንተኛ። ስለ ስምም ተጠንቀቁ። እኔ አንዷን ሴት በዓለም ስሟና በክርስትና ስሟ ሁለት ሰው አድርጌ ጽፌያት ነበር።

አንድ ዓይነት በሽታ ብቻ መፈለግ

የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ አንድ የተወሰነ በሽታ አይደለም። ስለዚህ አያት ላይ መገጣጠሚያ፣ አክስት ላይ ታይሮይድ፣ አጎት ላይ ለምጥ፣ የልጅ ልጅ ላይ ሉፐስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እኔ «ሉፐስ አይደለም» ብዬ ያለፍኳቸው ሁለት አክስቶች ነበሩ፤ ሁለቱም የታይሮይድ መድኃኒት የሚውጡ። ወረቀቱን ሐኪሙ ሲያየው ዓይኑ ያረፈው እነሱ ላይ ነው። የእህቴን ታይሮይድ አስመረመረ። ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያ ከአልጋ የማያስነሳት ድካም ሁሉ የሉፐሱ ነው ስንል ነበር የከረምነው።

ሁሉንም አንድ ላይ መቀየጥ

ከላይ የተናገርኩት ግን ያገኙትን ሁሉ ወደ ደብተር ማስገባት ማለት አይደለም። በደጋው አገራችን ብዙ ሰው ላይ የሚታየው እንቅርት በአብዛኛው ከአዮዲን እጥረት የመጣ ነው። ሪህም ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በድንገት የእግርን አውራ ጣት የሚያቃጥለው በደም ውስጥ በሚበዛ ዩሪክ አሲድ የተነሳ ነው። «ስኳር ነበረበት» ሲባልም በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ ከመጀመሪያው መርፌ ይወጋ እንደነበር ጠይቁ። በልጅነት ጀምሮ ያለ ኢንሱሊን የማይኖረው ነው ወደ ዓይነት 1 የሚጠጋው። ከቶንሲል በኋላ የሚመጣው የልብ ሕመምም መከላከያው የራስን አካል በመምታቱ የሚመጣ ነው፤ ግን መነሻው በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ስለሆነ ለብቻው ጻፉት።

ዕድሜን ማድበስበስ

«በወጣትነቷ ታመመች» አይበቃም። ሰው ዓመተ ምሕረት ባያስታውስ «ደርግ ሲገባ ነው ሲወድቅ? ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሐኪም ቤት ካርድ ካገኛችሁ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ተመልከቱ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት የ17 ዓመቷን ልጅ የ25 ያደርጋታል።

የዘር ፍርድ አድርጎ መውሰድ

እናቴ ብዙ ያለቀሰችው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘመድ «በማን በኩል መጣ?» አለና ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ፣ አንዷ ሉፐስ ቢይዛት፣ ሁለተኛዋ በአብዛኛው አይይዛትም። ዓይነት 1 ስኳር ካለበት አባት ከሚወለዱ 100 ልጆች ሕመሙ የሚይዛቸው 6 ያህሉ ናቸው። አንድ ሰው «አወረሰ» ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

በፍርሃት ወደ ላቦራቶሪ መሮጥም ሌላው ነው። ሉፐስ ሲጠረጠር የሚታዘዘው ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ ጤነኛ ሰዎችም ላይ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ምልክት የሌለበት ሰው የቤተሰቡን ሕመም የጻፈበትን ወረቀት ይዞ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

የሰው ገመና ይዞ መውጣት

አንዷ ዘመዴ ያላትን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ እጄን ይዛ «ልጄን የሚጠይቃት ሰው አለ፣ እንዳይሰማ» አለችኝ። ልክ ናት። ለቅሶ ቤትና ዕድር ላይ አትጠይቁ። አንድ ለአንድ፣ በቤታቸው፣ ጊዜ ወስዳችሁ ጠይቁ። እኔ አሁን በደብተሬ ላይ ስም አልጽፍም። ቁጥር፣ ዝምድና፣ ዕድሜና ምልክት ብቻ ነው ያለው። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም አልልክም።

ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ።

«ጠዋት ጠዋት እጄ አልታጠፍ አለኝ» አለች።

«ሁለቱም ነው?»

«ሁለቱም።»

«እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እስክመለስ።»

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ አብሬያት ሐኪም ቤት ሄድኩ።