የድሮ የጦርነት ፎቶ ላይ ያለው ወታደር የማን ጦር ነው? በልብሱና በትጥቁ መለየት

እንዲህ ያለ ፎቶ ሲገኝ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያየው ደረት ላይ ያለውን ሜዳሊያ ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት። የሜዳሊያ ሪባን የሚለየው በቀለሙ ነው፣ ፎቶው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። ብዙ የሚናገሩት ቆቡና አንገትጌው ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤት ማህተም ወይም ቀን ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከዚያ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉት። በስልክ የተነሳ ኮፒ ለቁልፍና ለዘለበት አይሆንም።

ቀጥሎ ግራና ቀኙ እንዳልተዛወረ አጣሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ዘመን በስስ ብረት ላይ የሚነሱ ፎቶዎች እንደ መስታወት ያገላብጣሉ። የወንድ ኮት የግራው ክንፍ ከላይ ነው የሚውለው። የጠመንጃ ማቀባበያ እጀታም አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ነው። ሁለቱም ተቃራኒ ከሆኑ ምስሉን መልሱት።

አሁን ወደ ቆቡ። ጫፉ ላይ ሹል ያለው ከሆነ ጀርመንን አስቡ። ከ1916 ጀምሮ ግን ጀርመኖች ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን የብረት ቆብ አደረጉ። በጎንና በጎኑ ቀንድ መሳይ ጉጥ ካለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የ1935ቱ ጉጥ የለውም፣ አነስም ይላል። አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሸንተረር ያለው፣ ግንባሩ ላይ ምልክት የተለጠፈበት የ1915ቱ የፈረንሳይ ቆብ ነው። ጠፍጣፋ ሳህን የሚመስለው የብሪታንያ ነው።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። አሜሪካኖችም በ1917 ያንኑ ሳህን መሳይ ቆብ ወስደዋል። የጀርመኑን የ1935 ቆብ ደግሞ ቻይናና ፊንላንድም አድርገውታል። ስለዚህ ወደ አንገትጌው ውረዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ በግራና በቀኝ ክብ ምልክት አለው። የብሪታንያው እግረኛ ግን የታጠፈ ነው። የሶቪየት ወታደር ትከሻው ላይ የማዕረግ ሰሌዳ ካደረገ ፎቶው ከ1943 ወዲህ ነው፤ ቀይ ጦር ከዚያ በፊት ማዕረጉን የሚያሳየው አንገትጌው ላይ ነበር።

አንድ ዕቃ የሚነግራችሁ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። አሮጌ ዝናርና ኮዳ አዲስ ከመጣም በኋላ ለዓመታት ያገለግላል። ቀኑን የሚወስነው ከሁሉም ዘግይቶ የመጣው ዕቃ ነው።

ስለ ቀለም አትከራከሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፊልም ሰማያዊን አንጥቶ፣ ቀይን አጥቁሮ ያሳያል። የፈረንሳዩ ፈዛዛ ሰማያዊ ኮት ነጭ ሊመስላችሁ ይችላል። ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ሽጉጡንና ጎራዴውን በጥርጣሬ እዩ፤ ለፎቶ ተብሎ የተዋሰ ዕቃ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ቁጥር ፈልጉ። ፈረንሳዮች የሬጅመንታቸውን (የጦር ክፍላቸውን) ቁጥር አንገትጌ ላይ ይሰፉ ነበር። ከተነበበላችሁ የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስቴር «ሜሟር ዴ ዞም» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የዚያን ሬጅመንት የጦር ሜዳ ውሎ መዝገብ በነፃ ማየት ትችላላችሁ።