ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ የለም፦ የጓሮ አትክልት ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው እሁዴን ለማትረፍ ነው። ገላን፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ጓሮ ያለው ወዳጅ ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ እንቢ ሲለው ቅዳሜ ማታ ትዝ እለዋለሁ፤ እሁድ መጥተህ ጠግንልኝ ይለኛል። መብራት መኖሩን፣ ሶኬቱ መሰካቱን፣ መክፈቻው መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

ደግሞ "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጎመን ምን ያቅተኛል" አትበሉኝ። ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ነው። አባቴ ቤት ግን ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም። ይፋት ያለው አጎቴ መስኖ ያጠጣ ነበር። እሱም ቢሆን ውሃው ከላይ በቦይ ይወርድለታል። ተራውን የውሃ አባት ይነግረዋል፤ እሱ በዶማ ቦዩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አለቀ። እኛ ውሃ ሲወርድ እንጂ ሽቅብ ሲወጣ አላየንም። ከተማ ዳር ቤት ሠርተን ጉድጓድ ስናስቆፍር ነው ጣጣው የጀመረው።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ አይመጣም

አብዛኛው ጥሪ ይኸው ነው። "ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!" ይሉኛል። አዎ፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ድምፁ ከወትሮው ይቀጥናል፤ እጅ ሲያሳርፉበት ይግላል፤ ከቱቦው ጫፍ አንድ ሁለቴ ምራቅ ይተፋና ዝም ይላል።

ከምንም በፊት አጥፉት። እነዚህ ግማሽ ፈረስ ጉልበት የሚባሉት ሞተሮች ውስጥ ውሃ እንዳይወጣ የሚይዘው ማሸጊያ፣ "ሲል" የሚሉት፣ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ነው። ደረቁን ሲዞሩ ማሸጊያው ይቃጠላል። እኔ ራሴ አንዴ "ይምጣ እስቲ" ብዬ ትቼው ቡና ልጠጣ ገባሁ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ማሸጊያው ሄዷል። ስለዚህ "ትንሽ ይቆይ፣ ይስባል" የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ምክንያቱ በአጭሩ አየር ነው። ይህ ዓይነት ሞተር አየር መግፋት አይችልም፤ ከጉድጓዱ እስከ ሆዱ ድረስ ውሃ ሞልቶ መጠበቅ አለበት። ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ከቱቦው ታች ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ ነው። እሱ ካንጠባጠበ ሌሊቱን ውሃው ይወርዳል፣ ጠዋት ሞተሩ አየር ያኝካል።

መፈተሻው ቀላል ነው። የሞተሩን ማጠጫ ቡሽ ፍቱ፣ በጆግ ውሃ ሙሉት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ካልወረደ ፉት ቫልቩ ደህና ነው። ከወረደ በገመድ አውጡት። ጥቂት ብር ቆጥባችሁ ልፍስፍስ ስፕሪንግ ያለውን ፕላስቲክ የገዛችሁ እንደሆነ፣ አትጠግኑት፣ ጣሉት። የነሐሱን ግዙ። ሻጩ "ሁለቱም አንድ ነው" ይላችኋል። አንድ አይደለም። ደግሞ ጉድጓዱ ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ጭቃ ይጠጣል።

አሁን የሰበታውን ላውራ። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። ሦስት ሰው መጥቶላቸዋል። አንዱ ሞተሩን አስቀየራቸው፤ ሌላው ቱቦውን፤ ሦስተኛው "ጉድጓዱ ደርቋል፣ ይቆፈር" አላቸው። እኔ ስሄድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኜ ፊቴን ውሃው ውስጥ አየዋለሁ። ምን ደረቀ? ፉት ቫልቩን ሳወጣው ምላሱ ሥር የጤፍ ጭድ ተሰንቅሯል። ዘወር ስል ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ትንሽ የጭድ ክምር አለ። በሬ የላቸው፣ ላም የላቸው።

"ጋሼ፣ ይህ ጭድ ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ለሽታው ነው" አሉኝ። "ማለዳ ጤዛ ሲመታው የአባቴን አውድማ ይሸተኛል።"

ምን ይባላል? ጭዱን ከቫልቩ ነቀልኩ፣ ጨርቄን አራገፍኩ። ክምሩን ወደ ሌላው ጥግ አዛውሩት ብላቸው "እዚያ ጠዋት ፀሐይ አያገኘውም" አሉኝ። በመጨረሻ ለጉድጓዱ የቆርቆሮ ክዳን ሠራሁ፤ ፉት ቫልቩንም በወንፊት አለበስኩት። በነገራችን ላይ ክዳኑ ለጭድ ብቻ አይደለም። ክፍት ጉድጓድ ባለበት ግቢ ልጅ ይሮጣል። ክደኑት።

ፉት ቫልቩ ደህና ሆኖ ውሃ እንቢ ካለ፣ አየሩ የሚገባው በመገጣጠሚያ ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው፤ መሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ስለዚህ "ደረቅ ነው፣ አያፈስም" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሞተሩን ውሃ ሞልታችሁ ለአፍታ አስነሡና በየመገጣጠሚያው ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ኤሌክትሪኩ ካለበት ጎን ግን አትጠጉ። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ እሱ ነው። ፍቱት፣ አጽዱት፣ በቴፍሎን ወይም በቃጫ መልሳችሁ አጥብቁ። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀዶ መጠምጠም ጥገና አይደለም። ለአንድ ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ እኔ እጠራለሁ።

መሳቢያው ላይ መኪና የምታጥቡበትን ስስ ጎማ የገጠማችሁም አላችሁ። ሞተሩ ሲስብ ጎማው እንደ ባዶ አንጀት ይጣበቃል። ውስጡ ጠምዛዛ ሽቦ ያለበትን ወይም ደረቅ ቱቦ ተጠቀሙ።

የሚቀጥለውን ሰው አያምነኝም። ካርቶኑ ላይ "9 ሜትር ይስባል" ተብሎ ተጽፏል። ልክ ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ። ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ሞተሩ ሳይሆን የአየር ግፊት ነው፤ ሞተሩ መንገድ ይለቅለታል እንጂ። በባሕር ጠለል ላይ ያ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ከ30 ያህል ያነሳል። አዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ያ ቁጥር ወደ 7 ሜትር ከ70 ይወርዳል። እሱም በሐሳብ ነው። የቱቦው ፍትጊያ ሲቀነስ ከ5 እስከ 6 ሜትር ካገኛችሁ ደግ ነው። ጥቅምት ላይ ውሃው 4 ሜትር ላይ ሆኖ ሞተሩ ይዘፍናል፤ ሚያዝያ ላይ 7 ሜትር ሲወርድ ያንኑ ሞተር "ተበላሸ" ትሉታላችሁ። አልተበላሸም። ገመድ በድንጋይ አስራችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ከ6 ካለፈ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ግዙ፤ እሱ ከታች ስለሚገፋ ከፍታው አያስጨንቀውም።

ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አወርዳለሁ የምትሉ፣ በተለይ የቤንዚኑን፣ እባካችሁ አታድርጉት። ጭሱ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ይገድላል። ጭስ ባይኖርም ጥልቅ ጉድጓድ አየሩ የማይተነፈስ ሊሆን ይችላል። የወደቀውን ሊያወጣ የገባውም እዚያው ይቀራል። የወደቀ ቁልፍ ይቅር፣ አትውረዱ።

መደቡ ጫፍ ላይ ያለው ጎመን ብቻ ይጠወልጋል

ሮቷችሁ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ሠላሳ ሜትር ጠብታ ቱቦ ጫፍ ሲደርስ አልቋል። ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት፣ መስመሩን አሳጥሩ፣ መግቢያው ላይ ማጣሪያ አድርጉ። ማንሳት ሲባል ግን በአራት የባሕር ዛፍ አጣና አይደለም! 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 10 ኩንታል ነው። ለገጣፎ አንዱ ወዳጄ "የአባቴ ጎተራ በዚሁ እንጨት ነበር የቆመው" ብሎ ሰቀለው። ጎተራ እህል ሲበላለት ይቀላል። የሱ ሮቶ የዶሮውን ቤት ይዞ ወረደ። ዶሮዎቹ ውጭ ነበሩ፣ ተመስገን። በብሎኬትና በቤቶን ሥሩት።

ሐምሌ ላይ ሁሉም ቢጫ ይሆናል

ገላንና አቃቂ በኩል አፈሩ መረሬ ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ሥሩ ይታፈናል። ማዳበሪያ አትጨምሩበት፣ ርሃብ አይደለም። መደቡን ከፍ አድርጉ፣ በመካከሉ ውሃው የሚጠነፍፍበት ቦይ አውጡ፣ ቦዩንም ወደ ዝቅታው አዘንብሉ። ይህን ከእኔ አትማሩ። እኛ አገር ጅሩ፣ እነዋሪ በኩል፣ እናቶቻችንና እኛ ልጆች በክረምት ያረሰውን ተከትለን አፈሩን በእጃችን ከፍ እያደረግን መደብ እናበጅ ነበር። ወገቤ እስከዛሬ ያስታውሰዋል። ናፍቆት ለሚያስቸግራችሁ ይሄኛው ይሻላችኋል።

የተረፉት

ሞተሩ "እምምም" ብሎ ካልዞረ ማስነሻው፣ ካፓሲተር የሚባለው፣ ነው፤ መብራቱን ነቅላችሁ አሮጌውን ፍቱና ወስዳችሁ በዚያው ቁጥር ግዙ። ከቆመ ወራት ካለፈው ደግሞ ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል፤ መብራቱን ነቅላችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩ።

ብሬከሩ ከወረደ ደጋግማችሁ አታንሱት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ የሌለው ሞተር እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥም።

ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ፤ ቲማቲሙን ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ።

ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። ይብላላ።

የሰበታው አባት ባለፈው ደውለው ነበር። ልቤ ደነገጠ፣ ክዳኑ ተነሳ መሰለኝ። ለካ ሞተሩ ደህና ነው። ጭዱ እያለቀባቸው ስለሆነ ወደ ጅሩ ስወጣ አንድ ጆንያ እንዳመጣላቸው ነው። የሰርገኛ ጤፍ ይሁን ብለዋል።