ኢንሹራንስ «አልከፍልም» ሲል፦ ብሪታንያ ያለን አሽከርካሪዎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የመኪና ኢንሹራንስ ውል «አንከፍልም» በሚሉ አንቀጾች የተሞላ ነው። የብሪታንያ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከእነዚህ የተወሰኑትን ይሽራል። ወሬውን ያልሰማ ሀበሻ ሾፌር የለም ማለት ይቻላል። ግን አብዛኞቻችን የሰማነው ግማሹን ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሰው ያከስራል።

«ሕጉ ከሻረው እኔም ዳንኩ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሕጉ አንቀጽ 148 የሾፌሩን ዕድሜና ጤንነት፣ የመኪናውን ይዞታ፣ የተሳፋሪውን ብዛት፣ የጭነቱን ክብደት፣ የሚነዳበትን ሰዓትና አካባቢ የሚመለከቱ ገደቦች ተጎጂው ላይ እንዳይሠሩ ያደርጋል። ጎማችሁ አልቆ፣ ዝናብ ላይ ተንሸራታችሁ እግረኛ ገጫችሁ እንበል። ኢንሹራንሱ ጎማውን ሰበብ አድርጎ ሰውዬውን ካሳ ሊከለክለው አይችልም። ይከፍላል። ከዚያ ዞሮ ወደ እናንተ ይመጣል፤ በገደቡ መሻር ብቻ የከፈለውን ገንዘብ እንዲያስመልስ ያው አንቀጽ ይፈቅድለታል። የራሳችሁን መኪና ማሠሪያም በዚህ ሕግ አታገኙም። ሕጉ የቆመው አስፋልት ላይ ለወደቀው ሰው ነው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ ያ ሰው የእናንተን ጎማ የሚያይበት ዕድል አልነበረውም።

ዴሊቨሪን እንደ ግል ጉዞ መቁጠር

ከተሻሩት ገደቦች ውስጥ «መኪናው ለምን ዓላማ ዋለ» የሚለው የለም። ይሄ ገደብ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል።

አንድ የማውቀው ልጅ ማታ ማታ ምግብ ያደርስ ነበር። ፖሊስ ሲያስቆመው ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ፌስታል ትኩስ ምግብ ነበር። ተረጋግቶ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን ከስልኩ አሳየ። «የአጠቃቀም ገደብ» ከሚለው ሥር የተጻፈው ለማኅበራዊ ኑሮ፣ ለቤትና ለመዝናኛ የሚል ብቻ ነው። መኪናው እዚያው ተጭኖ ተወሰደ። 300 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዱ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ መጣበት። ፈተናውን ካለፈ ሁለት ዓመት ስላልሞላው፣ 6 ነጥብ ማለት መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ ማለት ነው። እንደገና ከዜሮ ተፈተነ። «አላወቅኩም ነበር» ማለቱ አላዳነውም።

ስለዚህ ለኢንሹራንሱ ደውላችሁ «ሃየር ኤንድ ሪዋርድ» የሚባለውን፣ በመኪና ለክፍያ ለሚሠራ ሰው የሚሆነውን ሽፋን በስሙ ጠይቁ። ምግብ ለማድረስና ሰው ለመጫን የሚሰጠው የተለያየ ስለሆነ፣ የትኛውን እንደምትሠሩ በግልጽ ንገሯቸው።

እዚህ ላይ ያለ ምክንያት የሚሰጉም አሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብሮ ሲኬድ የነዳጅ ማዋጣት ንግድ አይደለም። መኪናው ከስምንት ተሳፋሪ በላይ የሚይዝ ካልሆነ፣ መዋጮው ከጉዞው ወጪ ካላለፈና አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ አንቀጽ 150 ይፈቅዳል።

አደጋን መደበቅ

«በሰዓቱ ካላሳወቃችሁ አንከፍልም» የሚለው አንቀጽም ተጎጂው ላይ አይሠራም። ውላችሁ ውስጥ ገንዘቡን እንድትመልሱ የሚያስገድድ አንቀጽ ካለ ግን እሱ አልተሻረም። ስለዚህ ያኔውኑ ደውሉ።

ተሳፋሪን «በራሴ ኃላፊነት» ማስባል

በወረቀት ቢፈርምም ዋጋ የለውም። አንቀጽ 149 ይሽረዋል።

ተጎድቶ ዝም ማለት

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። የገጫቸው ሾፌር መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ሲሰሙ ካሳ የለም ብለው ቤታቸው የሚቀመጡ አሉ። በአንቀጽ 151 መሠረት ፍርድ ቤት ከፈረደላችሁ፣ መኪናው ኢንሹራንስ እስካለው ድረስ የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ኢንሹራንሱን ከመክፈል አያድነውም። መኪናው መሰረቁን እያወቀ የተሳፈረ ሰው ግን በዚህ አይጠቀምም። ጭራሽ ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ደግሞ ካሳ የሚከፍል፣ በ1946 የተቋቋመው የሞተር ኢንሹረሮች ቢሮ (MIB) አለ።

አካላችሁ ከተጎዳ በአብዛኛው ክስ ለመመሥረት ያላችሁ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ክሱ ከተከፈተ በኋላ ኢንሹራንሱ እስከ 7 ቀን ድረስ እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ጠበቃ ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ማስታወቂያ መቼ እንደሚልክ ይሁን።