የረጠበ የመኪና ወንበር ሽታ እንዴት ለቀቀ
ባሕር ዳር፣ ክረምት። ዝናብ የገባበት የቪትዝ ወንበር ላዩ ደርቋል፤ ሲቀመጡበት ግን ሱሪ ያረጥባል፣ ጠዋት በር ሲከፈት ሻጋታ ይሸታል።

ፀሐይ ላይ ማቆምም ሽቶ መርጨትም አልሠራም። ውሃው ያለው ስፖንጁ ውስጥ ነው፤ የሐይቁ ዳር አየር ደግሞ በዚህ ወቅት ራሱ እርጥብ ነው።

የሠራው ወንበሩን ማውጣት ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀልና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው መከላከያ ከረጢት) ነውና በችኮላ አይነካም። አራቱ ብሎኖች በ14 ቁልፍ ይፈታሉ። ደረቅ ፎጣ ዘርግቶ በጉልበት መጫን፣ ፎጣው ውሃ መሳብ እስኪያቆም ድረስ እየቀየሩ። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ በስሱ መርጨት። ኦሞ ባይገባ ይሻላል፤ አረፋው ከስፖንጅ አይወጣም። በመጨረሻ ወንበሩን ገልብጦ ቬንትሌተር ማስነፈስ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት።

የወለሉ ምንጣፍም ይነሣ፤ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ካልደረቀ ሽታው ይመለሳል።